3 ቶን ተኩል ለመጎተት የትኛው ፒክአፕ ይበቃል?

የአንባቢ ደብዳቤ

ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጅ። ነዋሪነቴ ሱሉልታ ነው። ሚክሰር፣ ቫይብሬተርና ኮምፓክተር ለግንባታ ሥራ አከራያለሁ፤ በሮቶ ውሃ እየጫንኩም ለሳይቶች አደርሳለሁ። የምሠራበት መኪና ባለ 2.8 ሊትር ናፍጣ ደብል ጋቢና ሃይሉክስ ነው። አሁን 2,700 ኪሎ የሚመዝን ሚኒ ኤክስካቫተር ለመግዛት እየተነጋገርኩ ነው። የሚጫንበትንም ባለ ሁለት አክሰል ተሳቢ አንድ ብየዳ ቤት 800 ኪሎ ገደማ አድርጎ ሊሠራልኝ ተስማምቷል። የመጀመሪያውን ሥራ ያገኘሁት ደጀን ነው። የባለቤቴ ወንድም «ሃይሉክሱ ላይ ባሌስትራ አስጨምርና ጎትት» ይለኛል። አንድ ጓደኛዬ ላንድክሩዘር ፒክአፕ ግዛ ይላል። አንድ ደላላ ደግሞ እ.ኤ.አ. የ2012 ስሪት የሆነ ናፍጣ ፎርድ ኤፍ 250 አሳይቶኝ፣ «ስሙ እንደሚለው ሁለት ቶን ተኩል ይጭናል» ብሎኛል። የሃይሉክሴ ማኑዋል ባዶ ክብደቱ 2,110፣ ከፍተኛ ጠቅላላ ክብደቱ 3,050፣ ከተሳቢ ጋር ተደምሮ 5,850፣ የሚጎትተው ፍሬን ያለው ተሳቢ ደግሞ 3,500 ኪሎ መሆኑን ይናገራል። የትኛውን ላድርግ?

መልስ

የተከበሩ ጠያቂያችን፣ የማኑዋልዎን ቁጥሮች ሳይሸራርፉ ስለላኩልን እናመሰግናለን፤ እነዚህ አራት ቁጥሮች ባይኖሩ ኖሮ የምንሰጥዎት መልስ ግምት ብቻ በሆነ ነበር። ከሦስቱ ምክሮች መካከል አንዱን ከመምረጣችን በፊት ግን ሦስቱም አማካሪዎችዎ ያላነሱትን ጉዳይ ማስቀደም ይኖርብናል። ይኸውም መኪናው ጀርባው ላይ የሚሸከመውና ከኋላው የሚጎትተው ክብደት በሁለት የተለያዩ ወሰኖች የሚለኩ መሆናቸውና ሁለቱ በአንድነት ሲመጡ ደግሞ አንዱ ከሌላው ላይ የሚቀንስ መሆኑ ነው።

ከደላላው አነጋገር እንጀምር። ኤፍ 250 በሚለው ስም ውስጥ ያለው ቁጥር የሞዴል መለያ ነው፤ ከሁለት ቶን ተኩል ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። አሜሪካውያን ፒክአፖቻቸውን በልማድ ግማሽ ቶን፣ ሦስት አራተኛ ቶንና አንድ ቶን እያሉ ይጠሯቸዋል፤ ኤፍ 150፣ ኤፍ 250 እና ኤፍ 350 የሚባሉትም በዚሁ ቅደም ተከተል ይገባሉ። ይህ አጠራር ከብዙ ዓመታት በፊት የነበረውን የመጫን አቅም የሚያመለክት ሲሆን ዛሬ ግን መኪኖቹ በትክክል ስለሚጭኑት ክብደት ምንም አይነግረንም። በአሜሪካ ሕጋዊው የክብደት ደረጃ የሚወሰነው መኪናው ከነጭነቱ፣ ከነሰዉና ከነነዳጁ ሊደርስበት በሚፈቀድለት ከፍተኛ ጠቅላላ ክብደት ነው። ከ2,722 እስከ 3,856 ኪሎ ያለው ደረጃ 2ሀ፣ ከዚያ እስከ 4,536 ኪሎ ያለው ደረጃ 2ለ፣ ከዚያም እስከ 6,350 ኪሎ ያለው ደረጃ 3 ይባላል። የእርስዎ ሃይሉክስ በዚህ መለኪያ ቢመዘን በ3,050 ኪሎው ከአሜሪካው ግማሽ ቶን ጋር በአንድ ደረጃ ይመደባል። እንዲያውም ብዙዎቹ ባለ አራት በር ኤፍ 150 ፒክአፖች 700 እና 800 ኪሎ ብቻ እንዲጭኑ ሲፈቀድላቸው የእርስዎ መኪና 940 ኪሎ (3,050 ሲቀነስ 2,110) ይጭናል።

ወደ ኤፍ 250 ስንመጣ፣ ደረጃ 2ለ የሚያበቃበት 4,536 ኪሎ፣ ማለትም 10,000 ፓውንድ፣ ለዚህ ሞዴል ብዙውን ጊዜ እንደ ጣሪያ ሆኖ ያገለግላል። ባለ አራት በር፣ ባለ ሁለት ዲፍሬንሻልና ባለ ናፍጣ ሞተር የሆነው ኤፍ 250 ባዶውን ከ3,200 እስከ 3,400 ኪሎ ይመዝናል። ቀሪውን ሲያሰሉት ለሰውና ለጭነት የሚተርፈው ከ1,100 እስከ 1,300 ኪሎ ገደማ ብቻ ነው። የናፍጣው ሞተር ከቤንዚኑ ስለሚከብድ ጣሪያው ሳይለወጥ የመጫን አቅሙን ይቀንሰዋል፤ ስለዚህ ጉልበቱ የበለጠው መኪና የሚጭነው ያነሰ ሆኖ ይገኛል። ኋላው ነጠላ ጎማ የሆነው ኤፍ 350 ከኤፍ 250 ጋር በአብዛኛው አንድ ዓይነት መኪና ነው፤ ልዩነቱ በዋናነት ያለው በኋላ ባሌስትራውና በሩ ላይ በተለጠፈው ቁጥር ላይ ነው። ደላላው ያለውን ሁለት ቶን ተኩል የሚጠጋ ጭነት የሚሸከመው ከኋላ በእያንዳንዱ ወገን ጥንድ ጎማ ያለውና ጠቅላላ ክብደቱ እስከ 6,350 ኪሎ የሚደርሰው ኤፍ 350 ነው።

ይህን ከእኛ ቃል ይልቅ በዓይንዎ ማረጋገጥ ይችላሉ። የአሜሪካ ፒክአፕ የሾፌሩ በር ሲከፈት በበሩ ምሰሶ ላይ ሁለት ወረቀቶች ተለጥፈው ይታያሉ። ነጩ ከፍተኛውን ጠቅላላ ክብደትና እያንዳንዱ አክሰል የሚሸከመውን ይዘረዝራል። ቢጫ መስመር ያለው ደግሞ የሰውና የጭነት ክብደት በድምሩ ከስንት ኪሎ ማለፍ እንደሌለበት፣ ለዚያው ለተለየ መኪና የተሰላውን ቁጥር በኪሎና በፓውንድ ያሳያል። ቢጫ መስመር ያለው ወረቀት ከተፋቀ ወይም ከጠፋ መኪናውን ባዶውን ሚዛን ላይ አስወጥተው ከከፍተኛው ጠቅላላ ክብደት ጋር ያለውን ልዩነት ያስሉ።

አሁን የራስዎን ሒሳብ እንሥራ። ማሽኑ 2,700፣ ተሳቢው 800፣ በድምሩ 3,500 ኪሎ ነው። ይህ በማኑዋልዎ ከተጻፈው የመጎተት ወሰን ጋር ኪሎ ሳይጎድል እኩል መሆኑ የባለቤትዎን ወንድም ሳያሳምናቸው አልቀረም። ይሁን እንጂ መኪናውና ተሳቢው ተደምረው ከ5,850 ኪሎ ማለፍ የለባቸውም፤ ከዚህ ላይ 3,500 ሲቀነስ ለመኪናው 2,350 ኪሎ ይቀራል፤ ባዶ ክብደቱ 2,110 ስለሆነ ለሾፌር፣ ለረዳትና ለዕቃ የሚተርፈው 240 ኪሎ ነው። ሁለት ሰዎች 150 ኪሎ ቢመዝኑ 90 ኪሎ ይቀርዎታል። በዚህ ላይ አንድ ሚክሰር ወይም ግማሽ ሮቶ ውሃ ቢጨመር ወሰኑ በብዙ ይታለፋል። ከዚህም ሌላ ሚዛናዊ የሆነ ተሳቢ ከክብደቱ ቢያንስ አሥር በመቶውን በመኪናው ማያያዣ ላይ ማሳረፍ አለበት፤ ይህም 350 ኪሎ በኋላው አክሰል ላይ ማለት ነው። ክብደቱን ለመቀነስ ብለው ማሽኑን ወደ ተሳቢው ኋላ ቢገፉት ተሳቢው በፍጥነት ጊዜ ግራና ቀኝ መወናጨፍ ይጀምራል፤ ከሚጎትተው መኪና የከበደ ተሳቢ ሲወናጨፍ ደግሞ ሾፌሩ በመሪ ሊመልሰው አይችልም።

ባሌስትራ ማስጨመር እዚህ ላይ የሚፈይደው ነገር የለም። የተጨመረው ባሌስትራ የመኪናው ኋላ እንዳይወርድ ያደርጋል፤ ሻንሲው፣ ፍሬኑ፣ ኩሽኔታው፣ አክሰሉና ካንቢዮው ግን ፋብሪካ የሠራቸው ያው ናቸው። እንዲያውም መኪናው ቀጥ ብሎ ስለሚታይ ባለቤቱ ከመጠን በላይ መጫኑን የሚያውቅበት ምልክት ይጠፋበታል። በከተማው ዳርቻ ባሉ ጋራዦች ብዙ ጊዜ የሚታየው የደብል ጋቢና ጉዳት ሻንሲው ከጋቢናውና ከካሶኒው መገናኛ ላይ መጉበጡ ነው። ያገለገለ ፒክአፕ ሲገዙ በጋቢናውና በካሶኒው መካከል ያለውን ክፍተት ከላይና ከታች በጣትዎ ለክተው ያወዳድሩ፤ የላይኛውና የታችኛው እኩል ካልሆኑ ወይም በዚያ አካባቢ ሻንሲው ላይ የብየዳ ምልክት ካለ መኪናው ከአቅሙ በላይ ተሸክሞ ኖሮ ሊሆን ይችላል።

ሳንጠየቅ የምንነግርዎት አንድ ነገር ቢኖር ይህ ችግር አሁንም ያለብዎት መሆኑን ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ስለሚመዝን አንድ ሺህ ሊትር የሚይዝ ሮቶ ሞልተው ሁለት ሰው ሆነው ሲወጡ ከ1,150 ኪሎ በላይ ጭነዋል፤ የተፈቀደልዎት 940 ነው። ሮቶውን አጉድሎ መጫንም አይበጅም፤ ያልሞላ ውሃ በመታጠፊያና በፍሬን ጊዜ እየተላጋ መኪናውን ይገፋዋል። ባለ 500 ሊትር ሮቶ ሞልቶ መመላለሱ ይሻልዎታል።

ላንድክሩዘር ፒክአፕ ጠንካራ መኪና መሆኑን ማንም አይክድም። ሻንሲውና አክሰሉ ከሃይሉክሱ ይጸናሉ፤ መለዋወጫውም በአዲስ አበባ በቀላሉ ይገኛል። ሆኖም በክብደት ደረጃ ስንመለከተው የመጎተት ወሰኑ ያው 3,500 ኪሎ ነው፤ የሚጭነውም ከአንድ ቶን ጥቂት ቢበልጥ ነው። በአገራችን በብዛት የሚታየው ባለ 4.2 ሊትር ናፍጣ ሞተሩ ቱርቦ (አየርን በግፊት ወደ ሞተር የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለውና ወደ 130 የፈረስ ጉልበት ያለው ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ከባሕር ወለል በላይ በእያንዳንዱ 1,000 ሜትር ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ገደማ ስለሚያጣ፣ 2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለው ሱሉልታ ሩቡን ያህል አጥቶ ይሠራል። ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ የሚወስደውን ዳገት ሦስት ቶን ተኩል እየጎተተ መውጣቱ ባይቀርም በዝቅተኛ ማርሽ እያዘገመ፣ ከኋላው ረጅም ሰልፍ አስከትሎ ነው። የእርስዎ ሃይሉክስ ቱርቦ ስላለው በዚህ በኩል ብልጫ አለው።

ከፍታ የሚያሳስበን ሞተሩን በተመለከተ ብቻ አይደለም። የአሜሪካ አምራቾች የመጎተት አቅምን የሚለኩበት ጄ 2807 የተባለ የመሐንዲሶች መስፈርት አለ። በዚህ መስፈርት መሠረት መኪናው ተሳቢውን ይዞ በአሪዞና ግዛት የሚገኘውን የዴቪስ ዳም ዳገት፣ 18 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት፣ ማቀዝቀዣውን እስከ መጨረሻው ከፍቶ ከተወሰነ ፍጥነት ሳይወርድ መውጣት አለበት። ፈተናው ከባድ ነው፤ ነገር ግን የዳገቱ ጫፍ ከባሕር ወለል በላይ 1,100 ሜትር ገደማ ነው፤ ይኸውም ከአዲስ አበባ ከፍታ ግማሽ እንኳን አይሞላም። ስለዚህ በማስታወቂያ ወረቀት ላይ የሚያዩትን የመጎተት ቁጥር ለእንጦጦ ዙሪያ እንደተለካ አድርገው አይውሰዱት። እኛ እንደዚህ ባለ ቦታ ለሚሠራ ሰው ከተጻፈው ወሰን ቢያንስ አንድ አምስተኛውን ሳይነካ እንዲያስቀር እንመክራለን።

ዳገቱ የሞተር ጉዳይ ከሆነ ቁልቁለቱ የፍሬን ጉዳይ ነው። ወደ ደጀን ለመድረስ ከጎሃ ጽዮን 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነሥተው ወደ ዓባይ ወንዝ 1,400 ሜትር ያህል ይወርዳሉ። 5,850 ኪሎ የሚመዝን ጥምር ተሽከርካሪ ያን ያህል ሲወርድ በፍሬንና በሞተር መበላት ያለበት ኃይል ከ200 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ የሚያፈላ ሙቀት ነው። ሾፌሩ ወደ ዝቅተኛ ማርሽ ቀይሮ ሞተሩ እንዲይዝለት ካላደረገና ፍሬን ብቻ እየረገጠ ከወረደ የፍሬኑ ሸራ ግሎ መያዙን ያቆማል። ተሳቢው የራሱ ፍሬን ከሌለው ደግሞ ሸክሙ ሁሉ የሚወድቀው ለ3,050 ኪሎ በተሠራው የመኪናው ፍሬን ላይ ነው። አብዛኞቹ አምራቾች ፍሬን ለሌለው ተሳቢ የሚፈቅዱት 750 ኪሎ ብቻ የሆነበትም ምክንያት ይኸው ነው። በብየዳ ቤት ከአሮጌ አክሰል የሚሠሩ ተሳቢዎች ብዙዎቹ ፍሬን የላቸውም። የተስማሙት ብየዳ ቤት በሁለቱም አክሰሎች ላይ የሚሠራ ፍሬን፣ ተሳቢው ድንገት ቢፈታ ራሱን የሚይዝበት ዘዴና ሁለት የደኅንነት ሰንሰለት የማይገጥምልዎት ከሆነ፣ የሚጎትተው መኪና ኤፍ 350 ቢሆን እንኳን ውሉን እንዲያፈርሱ አጥብቀን እንመክርዎታለን።

ኤፍ 250ው ተሳቢውን የመጎተት ችግር የለበትም፤ እንደ አወቃቀሩ ከአምስት ቶን በላይ ይጎትታል፤ ከባድነቱም ተሳቢው እንዳያወዛውዘው ይረዳዋል። እኛን የሚያሰጋን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2007 ወዲህ ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩ ናፍጣ ፒክአፖች የጭስ ማጣሪያ አላቸው፤ የ2012ቱ ፎርድ በዚያ ላይ ጭሱን ለማጽዳት የሚጨመር የዩሪያ ፈሳሽ ይፈልጋል። ሞተሩ የተሠራው ሰልፈሩ ከሚሊዮን 15 እጅ ለማይበልጥ ናፍጣ ስለሆነ ከዚህ በላይ ሰልፈር ያለው ናፍጣ ሲቀዳለት ማጣሪያው ይጎዳል፤ መኪናውም ጉልበቱን ራሱ ይቀንሳል። ሻጩ «ማጣሪያውን አስወጥተነዋል» ካለዎት ማን እንዳወጣውና ኮምፒውተሩ እንዴት እንደተስተካከለ ይጠይቁ። ጎማውንም ይመልከቱ፤ የፋብሪካው ጎማ ለከባድ ጭነት የተሠራ ሲሆን ጎሚስታ ያገኘውን የቤት መኪና ጎማ አስሮበት ከሆነ አቅሙ ጎማው የሚችለውን ያህል ብቻ ነው። በጎማው ጎን ላይ ከስፋቱ ቀጥሎ የተጻፈው ቁጥር 112 ከሆነ አንዱ ጎማ 1,120 ኪሎ፣ 121 ከሆነ 1,450 ኪሎ ይሸከማል። የመለዋወጫውን ነገር ከመግዛትዎ በፊት ራስዎ ሱቅ ዞረው ይጠይቁ፤ ለሥራ የተገዛ መኪና አንድ ዕቃ ከውጭ እስኪመጣ ሲቆም የሚከስረው ባለቤቱ ነው።

እንግዲህ የእኛ ሐሳብ ይህ ነው። ሃይሉክሱን አይሽጡት፤ ለሚክሰሩ፣ ለቫይብሬተሩና ለባለ 500 ሊትሩ ሮቶ ልክ የሆነ መኪና ነው። ለደጀኑ ሥራ ማሽኑን በኪራይ ሎውቤድ (ወለሉ ዝቅ ያለ የማሽን ማጓጓዣ) ያስወስዱ፤ የማጓጓዣውንም ወጪ ከአሠሪው ጋር በሚፈራረሙት ዋጋ ውስጥ ለብቻው ያስገቡ። ኤክስካቫተሩ በየሳምንቱ ከቦታ ቦታ የሚዘዋወር ሥራ ካገኘ በኋላ ደግሞ ፒክአፕና ተሳቢ ከመፈለግ ይልቅ ከሦስት ቶን በላይ የሚጭን፣ ኋላው ጥንድ ጎማ የሆነ እንደ አይሱዙ ኤን ፒ አር ያለ አነስተኛ የጭነት መኪና ገዝተው ማሽኑን ጀርባው ላይ ቢጭኑት ይሻላል። የመጫን አቅሙ በሊብሬው ላይ ተጽፎ ያገኙታል፤ ቁልቁለት የሚያግዘው የጭስ ማውጫ ፍሬን አለው፤ መለዋወጫውንና መካኒኩን ከሱሉልታ ሳይርቁ ያገኛሉ። ጉድለቱ ካሶኒው ከፍ ያለ በመሆኑ ማሽኑ የሚወጣበት ረጅምና ጠንካራ መወጣጫ ማሠራት የሚያስፈልግ መሆኑ ነው፤ ማሽኑ በአጭር መወጣጫ ሲወጣ የሚገለበጥበት አጋጣሚ ስላለ በዚህ ላይ ገንዘብ አይቆጥቡ።

ሠራተኞችን በጋቢናው፣ ውሃን በካሶኒው፣ ማሽኑን በተሳቢው በአንድ ጉዞ መውሰድ ግድ የሚልዎት ከሆነ ግን የሚያስፈልግዎት ደረጃ 3 ነው፤ ይኸውም ጥንድ የኋላ ጎማ ያለው ኤፍ 350 ወይም የእሱ አቻ ነው። ይህን ሲያስቡ የመኪናው ስፋት ከኋላ 2.4 ሜትር ያህል መሆኑንና ሱሉልታ ውስጥ ላሉት የኮብልስቶን መንገዶች የማይመች መሆኑን አይርሱ።

ተሳቢውን በምንም መኪና ቢጎትቱ በማያያዣው ላይ የሚያርፈውን ክብደት አንድ ጊዜ በሚዛን ይለኩት። የእህል መጋዘን ሚዛን ይበቃል፤ ማሽኑ ተጭኖ፣ ተሳቢው በደልዳላ ቦታ ጎማው በድንጋይ ተይዞ፣ የፊት እግሩ ብቻ ሚዛኑ ላይ ይቁም። 350 ኪሎ እስኪጠጋ ድረስ ማሽኑን ወደፊት ወይም ወደኋላ ያንቀሳቅሱ፤ የማሽኑ መሄጃ ሰንሰለት የቆመበትንም ቦታ በተሳቢው ወለል ላይ በቀለም ያስምሩ፤ ረዳትዎ ሁልጊዜ እዚያው ያቆመዋል። ለተሳቢው የሚያስፈልገውን የመንጃ ፈቃድ ደረጃና ኢንሹራንሱ ተሳቢውንም የሚሸፍን መሆኑን ከመንቀሳቀስዎ በፊት በጽሑፍ ያረጋግጡ።

የማሽኑን ክብደትም ሻጩ ከነባልዲዎቹና ከሙሉ ነዳጁ ጋር በሚዛን መዝኖ እንዲያስረክብዎት ይጠይቁት። 2,700 ኪሎ የተባለ ኤክስካቫተር ትርፍ ባልዲና የድንጋይ መስበሪያ መዶሻ ሲታከልበት 3,000 ኪሎ ሊደርስ ይችላል፤ ያን ጊዜ ተሳቢው ከእነጭነቱ 3,800 ኪሎ ሆኖ ከሃይሉክሱም ከላንድክሩዘሩም ወሰን ያልፋል።